«ይቅርታ ጋሼ» ስትል ያለፍነው ከፍታ

ይህ የደረሰው ካቻምና፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በአብራሪነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሞተር ሲያስቸግር፣ መብረቅ ሲመታን አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን የገዛ ክብሬ ያስፈራኝ ጊዜ የለም።

የምኖረው ቤቴል ነው። ረዳት አብራሪዬ ሐያት የጎረቤቴ የወይዘሮ ዘይነባ ልጅ ናት። እናቷ አየር ጤና ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ልጆቻቸውን በሥርዓት ነው ያሳደጉት። ሐያት ልጅ ሆና እኔ ሳልፍ ከጨዋታዋ ብድግ ትል ነበር። አድጋ አጠገቤ ስትቀመጥም «ጋሼ» እና «እርስዎ» አልቀሩም። እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ከቦሌ ወደ ምዕራብ ተነሣን። ተሳፋሪው ጥቂት ስለነበር አውሮፕላኑ ቀሎት ሽቅብ ይወጣል። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው አሥራ ሦስት ሺህ ጫማ ላይ እንድንቆም አዘዘን፤ ከበላያችን ሌላ አውሮፕላን እየመጣ ነበር። ሐያት ትእዛዙን በራዲዮ በትክክል ደገመችለት። ከፍታውን አውሮፕላኑን በራሱ ወደሚያወጣው መሣሪያ የማስገባው እኔ ነበርኩ። ሌላ ጊዜ እዚያ ላይ የሚፈቀድልን አሥራ አምስት ሺህ ነው። እጄም በልማዱ ቁጥሩን አሥራ አምስት ሺህ ላይ አቆመው።

ደንቡ ግልጽ ነው። አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ቁጥሩን አይቶ ያረጋግጣል፤ ስህተት ካየ ወዲያውኑ በአንድ ቃል ይናገራል። ሥራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን አማርኛው ይቀድመናል።

የቆሼ የቆሻሻ ክምር በሐያት መስኮት በኩል ከታች አለፈ። እሷ ወደ ውጭ አልነበረም የምታየው።

«ጋሼ» አለችኝ።

«ምነው ልጄ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና… ምናልባት እኔ አጥፍቼ ይሆናል…»

«ምን አጠፋሽ ደግሞ?» አልኳት፣ ዓይኔን ከፊታችን ካለው ደመና ሳልነቅል።

«አይ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ እንዲያው ለማረጋገጥ ያህል…»

ይህን ሁሉ ስትደረድር አሥራ ሦስት ሺህን አልፈን እየወጣን ነበር። መጀመሪያ የግጭት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ተከትሎ ተቆጣጣሪው ከፍታችንን ጠየቀን፤ ድምፁ ተለውጧል። ያኔ ነው ቁጥሩን ያየሁት። ወዲያው አውሮፕላኑን ወደ ታች መለስኩት። ያኛው አውሮፕላን ከበላያችን ተሻግሮ ሲሄድ ሆዱ ላይ ያለው ቀለም ሳይቀር ታየኝ። ተሳፋሪዎቻችን ምንም አላወቁም።

እንዳረፍን ሁለታችንም የሆነውን ለአለቆቻችን አሳወቅን። ከዚያ ለብቻችን ስንሆን ጠየቅኳት።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ቁጥሩን ሲያስገቡ።»

«ታዲያ ለምን አልጮህሽም?»

ደንግጣ አየችኝ። «እርስዎ ላይ?»

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ እዚያ ላይ ግን ይነቅዛል። ያ ስወደው የኖርኩት አክብሮት የሁለት አውሮፕላን ሰው ሊያስጨርስ ነበር።

አየር ላይ «ጋሼ» እንዲቀር ተስማማን። መስማማቱ ቀላል ነው፤ «አንተ» ከአፏ አልወጣ አለ። ሲወጣም፣ አልዋሽም፣ ጆሮዬን ይቆረቁረኝ ነበር። ስለዚህ ከቦሌ ወደ ቤቴል በመኪናዬ ስንመለስ መለማመድ ጀመርን። «አንተ፣ መብራቱ ቀይ ነው!» ትልና አፏን በእጇ ትይዛለች።

አንድ ቀን እነሐያት በር ላይ መኪናዬን ወደ ኋላ ሳዞር፣ «አንተ! ቁም!» ብላ አምባረቀችብኝ። እግሬ ሳላስበው ፍሬኑን ረገጠ። ከኋላዬ የአጥሩ ዓምድ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። ወይዘሮ ዘይነባ ግን በር ላይ ቆመው ሰምተዋል።

«ያ ረቢ! ሐያት! ጋሼን ነው እንዲህ የምትያቸው? ሰው ምን አሳደገች ይበለኝ?»

ሐያት አቀረቀረች። ከመኪናው ወርጄ የዚያን ቀን የሆነውን ነገርኳቸው። የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ልጃቸው እንዳየችው፣ ይቅርታ ስትጠይቅ ከፍታውን እንዳለፍነው አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። እስከዚያ ቀን አልሰሙም ነበር።

ሻሻቸውን አስተካከሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ስሚ፤ መሬት ላይ ስታገኚያቸው ተነሺላቸው። ሰማይ ላይ ግን ጩኺባቸው። አንቺ በደህና ካልገባሽልኝ ጨዋነቱ ምን ያደርግልኛል?»

ሐያት ዛሬም ሰፈር ውስጥ ስታየኝ ብድግ ትላለች፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። አብረን ስንበር ግን ደስ የሚለኝ ሌላው ነው። በቅርቡ ሽቅብ ስንወጣ፣ «አንተ፣ ከፍታ!» ብላ ጮኸችብኝ። ቁጥሩን አየሁት፤ ልክ ነበር። የተሳሳተችው እሷ ናት። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት «ተዪው» አልኳት።