ድረ ገጹ ያደገበት፣ እኔ የወደቅኩበት ዓመት

ትልቋ ልጄ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ተመልሳ ላፕቶፗን ከፈተችና፣ «አባዬ፣ ይሄን ዌብሳይት ታውቀዋለህ? ቲቸራችን ሼር አድርጋልን ነው። አማርኛም አለው» አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀለሙን ቀይረውታል፤ ቋንቋዎቹም በዝተዋል። «አውቀዋለሁ» አልኩ። እኔ ለልጆቼ ስለ ትምህርት ሳልናገር ከማዕድ የማልነሳ ሰው ነኝ፤ ሲሰለቻቸውም አያለሁ። የዚያን ዕለት ግን የምመክረው አጣሁ።

ወጣት ነበርኩ። ግራንድ ፕሬሪ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለ አፓርትመንት ሰዒድ ከሚባል የወሎ ልጅ ጋር እኖር ነበር። ሁለታችንም እዚያው አቅራቢያ ዲኤፍደብሊው በሚባለው ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በዊልቸር እንገፋለን። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከዘጠነኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ፤ እንግሊዝኛዬንም ያገኘሁት ተሳፋሪ ወንበር ላይ ጥሎት ከሚሄደው ጋዜጣ ነው። ሰው በሰበብ ሲሰንፍ ዛሬም የማልታገሠው ለዚህ ይሆናል።

እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ የሻንጣ መጎተቻ መኪኖችን የሚጠግን አንድ ድርጅት ነበር። ሠራተኛ ተቀብሎ በነፃ ያስተምርና መካኒክ ያደርጋል። እጄ ከልጅነቴ ከብረት ጋር ይስማማል፤ መኪኖቹ ሲበላሹ ዊልቸሬን አቁሜ አያለሁ። የሚጠይቁት ግን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ያለፈ ሰው ነው። እኔን ደግሞ ሒሳቡ ደጋግሞ ጥሎኛል። ምዝገባው ነሐሴ ላይ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም።

ድረ ገጹ የመጣው በዚህ መሀል ነው። እትዬ ሙሉ ጎንደር ላይ አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ከሜክሲኮና ከቬትናም ከመጡ ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው እንዴት እንደሚጠና፣ ማስታወሻ እንዴት እንደሚያዝ፣ ለፈተና እንዴት እንደሚዘጋጁ የሚያስተምር ነፃ ድረ ገጽ ከፈቱ። በዚያ ዓመት እንደ ክረምት አረም አደገ። ሶማሊኛው ተጨመረ፣ ትግርኛው ተጨመረ። አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የሚያነበው ሰው በየሳምንቱ ሲበዛ እትዬ ሙሉ ስልክ ደውለው እልል ይሉ ነበር።

እኔም በራሴ ትርጉም ማጥናት ጀመርኩ። እኛ አገር ደግሞ ማጥናት ማለት መሸምደድ ነው። ከሥራ ስመለስ፣ አስፋልቱ ገና ሙቀቱን ሲተፋ፣ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ጮክ ብዬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሰዒድ ከሰገነቱ ይጮህብኛል፦

«ታዴ! ጎረቤት ፖሊስ ኮል ሊያደርግብህ ነው! እብድ ገባ ብሎ!»

«ዝም በል፣ እያጠናሁ ነው።»

«ሶ፣ ምን ይላል ገጹ?»

«‹ያጠናኸውን ዘግተህ በራስህ አነጋገር ለሌላ ሰው አስረዳ።›»

«በል አስረዳኛ!»

«አስረዳሁህ እኮ!»

ሰዒድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ምን እንዳሳቀው አልገባኝም ነበር። ገጹ ላይ ያለውን የሒሳብ ምሳሌም ከነመልሱ እንዲሁ በቃሌ ያዝኩት።

ተፈተንኩ። ጥያቄዎቹ እኔ የማውቃቸው ይመስላሉ፤ ቁጥሮቹ ግን ሌላ ናቸው። እጄ እርሳሱን ይዞ ቀረ።

ውጤቱ የደረሰኝ እሑድ ከሰዓት፣ የድረ ገጹ አንደኛ ዓመት ሲከበር ነው። እትዬ ሙሉ ቤት በራፍ ላይ ቆሜ ስልኬን ከፈትኩ። ወድቄያለሁ። ምዝገባው በዚያው ሳምንት ያበቃል። ፀሐዩ አናቴን ይበሳል፣ ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ መግባትም መመለስም አቃተኝ። ሰዒድ ጎትቶ አስገባኝ።

ጠረጴዛው ሞልቷል። ሳምቡሳ አለ፣ የቬትናሞቹ ጥቅልል አለ፣ በበቆሎ ልጣጭ የተጠቀለለ ታማሌ አለ። ሰዒድ ታማሌውን ከነልጣጩ ነክሶ ሲያኝክ ሜክሲኳዊቷ ጎረቤት በሳቅ ሞተች። ግድግዳው ላይ የአንባቢው ቁጥር ሽቅብ ሲወጣ የሚያሳይ መስመር በትልቁ ተለጥፏል። እትዬ ሙሉ አጨበጨቡና፣ «አሁን ደግሞ በኛው ገጽ ተምሮ ያለፈውን ልጃችንን እንስማ። ታደሰ፣ ና የኔ ጌታ!» አሉ። አልፏል ብሎ የነገራቸው የለም። አብዝተው ስለተመኙልኝ የሆነ መሰላቸው።

ይሉኝታ ‹አመስግነህ ተቀመጥ› አለኝ። ግን ውሸት አልወጣልኝም።

«እትዬ፣ ወድቄያለሁ።»

«ምን አልከኝ?»

«አሁን ነው ያየሁት። ወድቄያለሁ።»

«ገጹን አላነበብከውም እንዴ ልጄ?»

«በቃሌ ነው የማውቀው፤ ይስሙኝ» አልኩና ቆሜ ገጹን በቃሌ ወጣሁት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልሳትኩም። ስጨርስ ሰዒድ እንኳ አልቀለደም።

እትዬ ሙሉ መነጽራቸውን አወለቁ። ግድግዳው ላይ ወዳለው መስመር ዞሩ። «ይሄ ሁሉ ሕዝብ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስንቱ እንዳንተ ሸምድዶት ሄዶ ወድቆ ይሆን?» ዓመቱን ሙሉ የተደሰትንበት መስመር በአንድ አፍታ አስፈሪ ሆነብን።

ምዝገባው ተዘጋ። እትዬ ሙሉ የአማርኛውን ገጽ አወረዱትና አብረን እንደ አዲስ ጻፍነው፤ በዚህኛው ግን የእንግሊዝኛውን ቃል አልተከተልንም። አንባቢው ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት የሚፈራ፣ ያልገባውን ‹ገብቶኛል› የሚል፣ እንደ እኔ ያለ ሰው መሆኑን አስበን ጻፍነው። እኔም ክፍልፋይን ለሰዒድ ዳቦ እየቆረስኩ አስረዳሁት። ሲሰለቸው ቁራሹን ይበላብኛል። በሚቀጥለው ጸደይ፣ በረዶ የመኪናውን ሁሉ መስታወት ባረገፈበት ሰሞን፣ አለፍኩ። ወረቀቴን ይዤ ስሄድ ድርጅቱ ኮንትራቱ አልቆ ለቆ ሄዷል። የመጣው ሌላ ድርጅት የሚፈልገው የሠለጠነ መካኒክ ነው፤ አያስተምርም።

ብዙ አባቶች ለልጆቻቸው ‹የለፋ አይወድቅም› ይላሉ። እኔም ብዬ አውቃለሁ፤ እውነት አይደለም። ለፍቶ የሚወድቅ አለ፤ የለፋበት መንገድ ራሱ የሚጥለውም አለ። ትምህርት ግዴታ ነው፣ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ነገር ግን ትምህርቱ የገባን ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቀናል ብሎ ቃል የገባልን የለም።

ዛሬ በዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በመኪናዬ አመላልሳለሁ፤ ልጆቼን ያሳደግኩበት እንጀራ ነውና አላማርርም። ተራ ስጠብቅ ግን ከአጥሩ ወዲያ መካኒኮቹ የመጎተቻውን ሞተር ከፍተው ሲጎነበሱ አያለሁ። አንዳንዴ ከድምፁ ብቻ ምን እንደነካው አውቃለሁ። የሚጠይቀኝ የለም። የተሳፋሪ ጥሪ ሲመጣ መስኮቱን ዘግቼ እሄዳለሁ።