አልጋው ላይ የተቀመጠችው አዋላጅ

ገና ልጅ ሳለች እናቷ በወለደች ማግስት ከጤና ጣቢያ ተሸኘችና መንገድ ላይ ደም ፈሷት ሞተች። ጨቅላውን አዝላ ቤት የገባችው እሷ ናት። ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም።

ዛሬ ፀጉሯ የሸበተ አዋላጅ ነች። የተቀደደ ጋወኗን ራሷ ትጥፋለች፤ ወላድ ከመንካቷ በፊት እጆቿን አፋትጋ ታሞቃለች። ነርሶቹ በሌለችበት «ጄኔራሏ» ይሏታል።

አዲሱ የጤና ማሻሻያ ከመጣ ወዲህ፣ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ፣ ወላድ በተገላገለችበት ዕለት አልጋ ትለቃለች። አስተዳዳሪው ደሟ ገና በወጉ ያልቆመላትን አንዲት ወላድ ሊያስወጣ ሲመጣ፣ አዋላጇ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ ምነው? መመሪያ እኮ ነው! ነገ በተመላላሽ ትታያለቻ!»

«ነገ ሬሳዋን ነው የምታየው?» የግንባሯ ደም ሥር ተገትሯል። «ስማኝ የኔ ጌታ፤ ሠራተኛ ቀነሳችሁ፣ የሦስት ሰው ሥራ ተሸከምን። ጓንት ቀነሳችሁ፣ ዝም አልን። ከእንግዲህ ግን በቃኝ! ነገ ጡረታ ስወጣ፣ ስንት አልጋ አስለቀቀች ብሎ የሚያነሳኝ የለም። እዚህ የመጣ ሰው በሕይወት ይውጣ፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ኖሮም አያውቅ።»