ሚርቶ የፈተለችው ክር

ከሚርቶ ጋር ያደግነው በአንድ ግንብ ወዲህና ወዲያ ነው። ቤታችን የአቴናን ቤተ መቅደስ ተደግፎ የተሠራ ነው። እሷን ደግሞ አባቷን ባሕር ከበላው በኋላ፣ በስምንት ዓመቷ፣ እናቷ አምጥታ ለቤተ መቅደሱ ክር ፈታዮች ሰጠቻት። ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። በአሥራ አምስት ዓመቷ ለዓይን የማይሞላ ክር ፈትላ ውሃ የሞላ እንስራ ስታንጠለጥልበት አይቻለሁ። እንስራው ሲወዛወዝ ትንፋሼን ውጬ ነበር። እሷ ግን ስለ ምሳ ታወራለች።

በደሴታችን፣ በኦሪያ፣ ሰው አሳድዶት የመጣ ሁሉ የአቴናን ምስል እግር ከያዘ ማንም አይነካውም። ነገር ግን እግር ይዞ የሚኖር ሰው ውሃ ይጠማዋል፤ ምንጩ ያለው ደግሞ ሁለት መቶ ደረጃ ወርዶ ነው። ስለዚህ በምስሉ የእጅ አንጓ ላይ ረጅም ክር ይታሰራል። ተማጻኙ ጫፉን ይዞ ይወርዳል፣ ቀድቶ ይመለሳል። ክሩ በእጁ እስካለ ድረስ አቴና ራሷ እጁን እንደያዘችው ነው። ከተበጠሰ ግን ጥፋቱን አውቃ ለቀቀችው ማለት ነው። ፈራጁ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ይፈርድበታል፣ ከገደሉም ይወረወራል።

ለዚህ ነው የመማጸኛ ክር እንደ ሌላ ክር የማይፈተለው። ሁለት ክንድ በተፈተለ ቁጥር በሁለት ቡጢ ተጠምጥሞ ሦስት ጊዜ ይሳባል። ይህን ያላደረገች ፈታይ እንዝርቷ ይሰበራል፣ ከቤተ መቅደሱም ልትባረር ትችላለች።

ሚርቶ አሥራ አምስት በሞላት ዓመት፣ ፀደይ ሲገባ አርገያ የምትባል ሴት ከማዶ በዓሣ ጀልባ መጣች። ባሏ እንጉዳይ በልቶ ሞቶባታል። የባሏ ወንድሞች መረዘችው አሉ። ዓይናቸው የወይራ ዛፎቿ ላይ ነው የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ደርሶን ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ተከትለዋት መጡና ምንጩ አጠገብ ድንኳን ተከሉ።

ዓይናቸው የደከመው የመቅደሱ አገልጋይ፣ እሜቴ ኒካሬታ፣ «ሚርቶ ትፍተልላት» አሉ።

ሦስት ቀን ፈተለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የዓመቱ የመጀመሪያ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ። በዚያች ቀን ብቻ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ሴቶች፣ የባሕር ልጆች፣ ጸጉራቸውን ሊያደርቁ አሸዋው ላይ ይወጣሉ። ሚርቶ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላየቻቸውም፤ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት። ግንቡ ላይ ወጥቼ የጠራኋት እኔ ነኝ።

«አንቺ ሸረሪት፣ ወጥተዋል።»

«እነማን?»

«እነማን ይሆናሉ? ነይ እንጂ፣ ሰባት ናቸው።»

«አሥር ክንድ ይቀረኛል።»

«አሥር ክንድ ላንቺ ምንድን ነው? አክስቴ እያንቀላፋች ትጨርሰዋለች።»

«አክስትሽ የፈተለችውን ለብሳ ትሂድና ትታይ፤ ገበያው ውስጥ ራቁቷን ትቀራለች» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞረች።

ከሌላ ሥራ የተረፈ አሥር ክንድ ክር ቅርጫቷ ውስጥ ነበር። ጫፉን ከፈተለችው ክር ጫፍ ጋር አገናኘች፣ በምራቋ አረጠበች፣ በጣቷ አንዴ አከረረችውና ግንቡን ዘለለች። ሳትስበው።

ስላየነው ነገር ብዙ ማለት አልችልም። ጸጉራቸው እርጥብ ሳለ ጥቁር ነበር፤ ነፋሱ ሲያደርቀው እየነጣ፣ እየነጣ ሄዶ ከብርሃኑ መለየት አቃተን። አንዷ ስትስቅ ድምፁ የመጣው ከአፏ ሳይሆን ከእግራችን ሥር፣ ከአሸዋው ውስጥ ነበር። ሚርቶ አፏን መሸፈን ረስታ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። «እስከ ዛሬ የት ነበርኩ?» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አርገያ እንስራዋን ተሸክማ ወረደች። ሚርቶ እንደ ደንቡ መግቢያው ላይ ቆማ ክሩን ትለቅላት ነበር። አርገያ ምንጩ አጠገብ ስትደርስ ክሩ በሚርቶ እጅ ላይ በድንገት ቀለለ። ከታች የእንስራ መሰበር ተሰማ፣ ቀጥሎ የአርገያ ጩኸት። ወንድማማቾቹ ክንዷን ጠምዝዘው ሲጎትቷት አጥንቱ ተሰበረ።

ሚርቶ ክሩን ስባ ጫፉን አየችው። ተጎትቶ የተበጠሰ ክር ጫፉ የተነከሰ ይመስላል። ይህ ግን እንደ ድመት ጭራ ለስላሳ ሆኖ ተበትኗል። አልተበጠሰም፤ ተፈቷል። ጫፉን ቆርጣ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

በዚያ ቀን ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ የከተማው ወሬ ሌላ አልነበረም።

«እኔስ መጀመሪያውኑ ዓይኗ አላማረኝም» ትላለች ጋጋሪዋ።

«ቆንጆ ናት ስትዪ አልነበር እንዴ?» አለቻት አንዷ።

«ቆንጆነቷን መቼ ካድኩ? መራዥ ቆንጆ ነው። አስቀያሚ ያበሰለችውን ማን ይበላል?»

ሚርቶ ቀስ ብላ «ክሩ መጥፎ ቢሆንስ?» አለች።

«ያንቺ ክር? ያንቺን የመሰለ እጅ የት አለና? በከንቱ አትጨነቂ የኔ ልጅ፣ ዳቦሽን ያዢ።»

ሙገሳው ከስድብ ይልቅ አቃጠላት። ዳቦውን ሳትቀምስ ግንቡ ሥር መጥታ ጠራችኝና ሁሉን ነገረችኝ።

«ብትናገሪ ያባርሩሻል፤ እናትሽ ደግሞ የምታስገባሽ ቤት የላትም» አልኳት።

«ባልናገርስ?»

 መልስ የሌለው ሰው ዝም ይላል፤ እኔ ግን «ምናልባት እኮ እውነትም መርዛው ይሆናል» አልኩ። ያን ያልኩት እኔ መሆኔን ዛሬም መርሳት አልቻልኩም። ሚርቶ ቀና ብላ አላየችኝም። «እንደዚያ ይሁን ብዬ ስጸልይ ነው የዋልኩት» አለች። «ሰው ነፍሰ ገዳይ እንዲሆን ጸለይኩ፤ እኔ እንዲቀለኝ።»

ፈራጃችን አባባ ክሪኖስ ከወገባቸው በላይ ሽማግሌ፣ ከወገባቸው በታች ግራጫ ፈረስ ናቸው። በበር ስለማይገቡ ችሎቱ ሁልጊዜ ግቢ ውስጥ ነው። እኩለ ቀን ላይ አርገያን ክንዷን በጨርቅ እንዳሰረች አቆሟት። ፈራጁ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሚርቶ ከፈታዮቹ መሀል ወጣች። 

«ጌታዬ፣ አቴና አለቀቀቻትም። እኔ ነኝ የለቀቅኋት።»

ታላቅየው ወንድም ሳቀ። «ልጅ ናት፣ አዝናላት ነው። ነገ ደግሞ ለምንበላው በግ ታለቅሳለች።»

ሚርቶ ጫፉን ከጉያዋ አውጥታ ለእሜቴ ኒካሬታ ሰጠቻቸው። እሜቴ በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ደጋግመው አሹት። ፊታቸው ጠቆረ። «ምራቅ ነው» አሉ። «አልከረረም፣ አልተሳበም። እኔ ያስተማርኳት እጅ ነው እንዲህ ያደረገው።»

«ምን አስቸኮለሽ?» አሉ አባባ ክሪኖስ።

«የባሕርን ልጆች ለማየት ነው።»

ከሕዝቡ መሀል የሳቁ ነበሩ። ሽማግሌው ሰኮናቸውን አንዴ መሬት ላይ መቱና ዝም አሰኟቸው። «ማን ጠራሽ?»

«ማንም።»

ከእሷ አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

«አየሻቸው? ደስ አለሽ?»

«አዎ ጌታዬ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ባላየኋቸው ኖሮ ለማለት ሞከርኩ። አልሆነልኝም። እትዬ አርገያ ክንዷ ተሰብሮ እንኳ እኔ ዓይኔን ስጨፍን የማየው እነሱን ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።»

 ፈራጁ ክሩን የፈታው የሰው እጅ ስለሆነ አርገያ ወደ ምስሉ እግር ትመለስ፣ ወንድማማቾቹም ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሴቱን ለቀው ይውጡ ብለው ፈረዱ። የሚርቶን እንዝርት ራሳቸው በሰኮናቸው ሰበሩት። አላባረሯትም። የአርገያ ክንድ እንስራ ስለማይሸከም ውሃዋን ሚርቶ ትቅዳላት አሉ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ሚርቶ በቀን ሁለት ጊዜ ያንን ሁሉ ደረጃ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። መጀመሪያ ሰሞን አርገያ አታናግራትም ነበር፤ በጣቷ ማስቀመጫውን ታሳያታለች፣ ያ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ብርዱ በጠናበት ጠዋት፣ ሚርቶ እንስራውን እንደተሸከመች ደጃፉ ላይ ቆማ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ይቅር ብለሽኛል?»

አርገያ የታመመ ክንዷን በሌላው እጇ ታሽ ነበር። «ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ነው» አለቻት። «ይሄ ክንድ ሌሊት በጠዘጠዘኝ ቁጥር እረግምሻለሁ። ጠዋት ውሃ ይዘሽ ስትመጪ ደግሞ እርግማኔን አነሳለሁ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።»

«እሺ እትዬ።»

«አሁን ግቢና በሩን ዝጊው፣ ይበርዳል።»