በሐጂ ግቢ ላይ ያቆምኩት ጣቢያ

እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። ወተት የምታመጣልን ሴት ሰላምታዋን ካስረዘመች ዓይኔ ወደ ወተቱ ይሄዳል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ባለቤቴ ለሹፈት ትጠቅስብኛለች፤ እኔ ግን እንደ ምክር ይዤዋለሁ። ስለዚህ የአጥር ጎረቤታችን ሐጂ፣ ከበር ላይ ሰላምታ አልፈው የማያውቁት ሰው፣ አንዴ ሎሚ፣ አንዴ ቴምር ይዘው፣ አንዳንዴም ባዶ እጃቸውን እየመጡ ሳሎኔ ውስጥ መቆም ሲያበዙ ነገሩ አልጣመኝም። የሚያዩት እኔን አልነበረም። የባቡር ሞዴሌን ነበር።

ያደግኩት ድሬዳዋ፣ የባቡር ጩኸት እየሰማሁ ነው። አባቴ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ባሕር ዳር የመጣሁት ለሥራ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ የቴክኒክ ስዕል አስተምራለሁ። ከተማው ሐይቅ አለው፣ ዘንባባ አለው፣ ባቡር ግን የለውም። ናፍቆቴን የምታውቅ ጀርመን ያለች እህቴ ለዕረፍት ስትመጣ አንዲት ትንሽ ባቡር ከነሐዲዷ አመጣችልኝ። አብሮም በካርቶን የታሸገ፣ በየክፍሉ ተለያይቶ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጣቢያ ቤት ነበረ።

ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል አናደደኝ። ጣራው በረዶ እንዲያራግፍ ተብሎ የሾለ፣ ግድግዳው ላይ እንጨት የተጠላለፈበት፣ ጭስ ማውጫው ሁለት። ይህን አቁሜ የጣና ዳር ጣቢያ ነው ብል ማን ያምነኛል? መመሪያውን ወደ ጎን አድርጌ ምላጭ አነሳሁ። ጣራውን ቆርጬ ዝቅ አደረግኩት። የጭስ ማውጫዎቹን ቀዳዳ በፕላስቲክ ቁራጭና በኮላ ደፈንኩ። የግድግዳውን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጠፋሁና ክሬም ቀለም ቀባሁት። ለክዳኑ የለስላሳ ጣሳ ቀድጄ፣ ማበጠሪያ ላይ አስተኝቼ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ በየጥርሱ መሃል እየተጫንኩ ሸንተረር አወጣሁለት፤ ሲያልቅ የእኛው ቆርቆሮ ሆነ። ዝገት እንዳይቀርበት ቡናማ ቀለም በጥጥ ነካ ነካ አደረግኩበት። አጥሩን ከሐይቁ ዳር ባመጣሁት ደረቅ ደንገል ሠራሁ።

ባቡሩ የሚዞርበትን ኮምፔንሳቶ ደግሞ ሰፈራችንን አደረግኩት። በአንድ በኩል ሐይቁ፣ ከዚያ መንገዱ ከነዘንባባው፣ ከዚያ የእኛ መደዳ ቤቶች፣ ከመድኃኒት ካርቶን የተሠሩ። ባቡሩ ከዱርቤቴ በኩል ገብቶ ወደ ሐይቁ ይዞራል። ችግሩ ሐዲዱ ከፋብሪካው ታጥፎ የመጣ ስለሆነ እንደ ልብ አይታዘዝም። ለጣቢያው የሚሆን ቀጥ ያለ ቦታ ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘው የሐጂ ግቢ ባለበት ብቻ ነበር። የሐጂን ቤት ሳልሠራ ተውኩና ጣቢያውን እዚያ አቆምኩ። እንደ ነገር አልቆጠርኩትም።

በዚያው ሰሞን ሐጂ ለባለቤታቸው አንዲት ክፍል እያሠሩ ነበር። ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ በክረምት ያን ጭቃ ማቋረጥ ለእሳቸው ስቃይ ነው። አዲሷ ክፍል መጸዳጃዋ እዚያው ውስጧ፣ መግቢያዋም ከዋናው ቤት እንዲሆን ታስቧል። መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ብሎኬቱ ተደርድሮ፣ ግንበኛው ሲያፏጭ በአጥሩ በኩል ይሰማኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ሐጂ ጣቢያው ላይ አጎንብሰው ቆዩና «መምህር፣ ይህ መስመር በየት በኩል ነው የሚመጣ?» አሉኝ።

«በዱርቤቴ በኩል።»

«ይህ የቆመበት የእኔ ቦታ አይደለም?»

«ነው፤ ምን ላድርግ ሐጂ፣ ሌላ ቦታ አልተገኘም።»

«ትንሽ ፈቀቅ አይልም?»

«ሐዲዱ አይታጠፍም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቃ፣ ገባኝ» አሉ። ምን እንደገባቸው ለእኔ አልገባኝም። ፊታቸው ግን አመድ መስሎ ነበር፤ ይህ ሰው የሚደብቀኝ ነገር አለ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የግንበኛው ፉጨት ጠፋ። በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ ባይ መሠረቱ ውሃ አቁሯል፣ ብሎኬቱ ላስቲክ ለብሷል። ነጋዴ ገንዘቡን አፈር ውስጥ ቀብሮ እንዲሁ አይተውም። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እስከ ወረታ የማያውቁት ሰው የለም፤ ወሬም ከጨርቁ ጋር አብሮ ተጭኖ ይመጣላቸዋል። አሰብኩት፦ ሰፈራችን ለልማት ሊፈለግ ነው፣ እሳቸው ሰምተዋል፣ ለእኔ ግን መንገር አልፈለጉም። እስቲ ጎረቤት ማለት ይሄ ነው?

በር ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። «ሐጂ፣ ሥራውን ምነው አቆሙት?»

ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ታውቀው የለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እንግዲያስ እኔም አላውቅ» ብለው ገቡ።

ደሜ ፈላ። የሳሎኑን ወለል ሊሾ እንዲያደርግልኝ የቀጠርኩትን ሰው በማግስቱ መለስኩት። ባለቤቴ ለምን ስትለኝ «ሐጂ አቁመዋል» አልኳት። የማዶው ጎረቤታችን እኔም ሐጂም ማቆማችንን አይቶ የግቢ በሩን ማሠራቱን ተወ። እሱ ሲተው እኔ ይበልጥ እርግጠኛ ሆንኩ። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤት ለሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ደወልኩ። «ኧረ መምህር፣ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማንም» አለኝ ቶሎ ብሎ። ቶሎ ማለቱ አልጣመኝም። እውነት የያዘ ሰው እንዲህ አይፈጥንም።

ክረምቱ በረታ። አንድ ጠዋት የሐጂ ባለቤት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ጭቃው አዳለጣቸውና ወደቁ፤ ክንዳቸው ተሰበረ። ባለቤቴ ልትጠይቃቸው ሄደች። ስትመለስ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት ቸገረኝ።

«ክፍሏ ለምን እንደቆመች ነገሩኝ» አለች። «ሐጂ ያንተን ጣቢያ አይተው ነው! ‹የመምህሩ ተማሪዎች ማዘጋጃ ቤት ናቸው፤ ፕላኑን አይቶ ነው የሠራ፤ ግቢያችን ለባቡር ሊፈርስ ነው፤ ፈቀቅ አይልም ወይ ብዬ ብለምነው አይታጠፍም አለኝ› ብለዋቸዋል። እሳቸው ያቆሙት ካንተ አይተው፣ አንተ ያቆምከው ከእሳቸው አይተህ፣ የማዶው ሰውዬ ከሁለታችሁ አይቶ። ይህ ሁሉ በአሻንጉሊት!»

«ሞዴል ነው» አልኳት። የሴትዮዋ ክንድ ግን አንጀቴን በላው።

ወዲያው ሄድኩ። ጨዋታ እንደሆነ፣ ማንም ፕላን እንዳላሳየኝ፣ ከራሴ አውጥቼ እንደሠራሁት ለሐጂ አስረዳኋቸው። በጨዋነት ሰሙኝ፤ አላመኑኝም። ማልኩ። ይባስ ጠረጠሩ። «እውነት ከሆነ መሐላው ምን አመጣው?» አሉኝ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነበር፤ ያበሸቀኝም እሱ ነው።

በአፌ ካልሆነ በእጄ አልኩና ጣቢያውን ከኮምፔንሳቶው ላይ ነቀልኩት። የእኔ ግቢ ሐዲዱ መዞር የሚጀምርበት ቦታ ላይ ስለሆነ ሙሉ ጣቢያ አይችልም። ያን ሁሉ የደከምኩበትን ቤት በቀጭን መጋዝ ለሁለት ከፈልኩት። የትኬት መሸጫው ያለበትን ግማሽ፣ የራሴን የካርቶን ቤት አንስቼ እዚያ ተከልኩት። የተረፈው የዕቃ ማከማቻ ክንፍ ለሐጂ ቤት ልክ ሆነ። ሰፊውን የጭነት በር ደፍኜ መስኮት አወጣሁበት። ከጎኑም ያቺን ክፍል ቀጠልኩለት፣ ከዋናው ቤት በምታስገባ በር። በሯ የክብሪት እንጨት ግማሽ ብታክል ነው።

ባልና ሚስቱን ጠራኋቸው። እማማ ክንዳቸውን በሻሽ አንጠልጥለው፣ ባለቤቴን ተደግፈው ገቡ። የሐጂ ዓይን መጀመሪያ የሄደው ወደ ድሮው ቦታ ነው።

«ጣቢያው የት ሄደ?»

«ወደ እኔ ግቢ።»

«አንተሳ?»

«እኔማ ባቡሩ ላይ አድራለሁ።»

አልሳቁም። ባለቤታቸው ግን ጎንበስ ብለው በደህናው እጃቸው ትንሿን በር ነኩ። «ይችስ?»

«የእርስዎ ክፍል ናት እማማ።»

ወደ ባላቸው ዞሩ። «ሰው የማይገባባትን እሱ ሠርቶ ጨረሰ። እኔ የምገባባትን አንተ ጉድጓድ አድርገህ ተውሃት።»

ሐጂ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እዚያው እንደቆሙ ለግንበኛው ደወሉ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ባለቤቴም ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ስሸኛቸው ሐጂ ሴቶቹን አስቀድመው ወደ ኋላ ቀሩ። እጄን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መምህር፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ንገረኝ። ካሣው ይህን ያህል ጥሩ ነው፣ ጣቢያውን ወደ ራስህ የወሰድኸው?»

የለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የለም ካልኩ ግን መሐላ ሊከተል ነው፤ ከመሐላው በኋላ ጥርጣሬው፤ ከጥርጣሬው በኋላ ያ ስልክ እንደገና ለግንበኛው ይደወላል። እማማ ከፊታችን ጭቃውን እየፈሩ አንድ አንድ እግር ይራመዳሉ።

«በጣም ጥሩ ነው ሐጂ» አልኳቸው። «ብቻ ግንበኛው ነገ ይምጣ።»