አስር አለቃ ቦሩ ያላመኑት ፊልም

ባለፈው ሳምንት ከሞያሌ ወደ ነጌሌ ስመለስ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ስለ አንድ የሳሙራይ ጦርነት ፊልም ይከራከሩ ነበር። አንደኛው የዘንድሮውን ትልቅ ሽልማት ይወስዳል ይላል። ሌላው የጃፓንን ታሪክ አበላሽቶ ማን ይሸልመዋል ይላል። በመስኮት የገባው ቀይ አቧራ ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጫል። ሻሼን አፌ ላይ አደረግኩ። እንዲህ ያለ ክርክር በልጅነቴም ሰምቻለሁ።

ያኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት አቁሜ ነበር። ወንድሜ ታደሰ በሰሜኑ ጦርነት ከሞተ ዓመት አልሞላውም። እማዬ የቆላችውን ለውዝ በትሪ ይዤ፣ ገበያው አጠገብ ካለው ቪዲዮ ቤት በር ላይ እሸጣለሁ። ቤቱ ቆርቆሮ ስለሆነ በበጋ ቀትር ውስጡ ይፋጃል፤ ላብና ናፍጣ ይሸታል።

የታደሰን መርዶ ይዘውልን የመጡት ጎረቤታችን አስር አለቃ ቦሩ ናቸው። አብረው ዘምተው፣ እሳቸው እግራቸውን ቆስለው ተመለሱ። "አንድ ጥይት ናት። ምንም ሳይሰማው ነው ያለፈው" አሏት እማዬን። እማዬ ከፍራሽ የተነሳችው በዚያች ቃል ነው። ለቅሶ ለሚደርስ ሁሉ እሷኑ ትደግማለች።

የዚያን ቀን የሚታየው የጃፓን ተዋጊዎች በጎራዴ የሚተላለቁበት ፊልም ነበር። ውጊያው መሀል ላይ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ። ነዳጅ እስኪመጣ አንድ መምህር የጦር ልብሳቸው የጥሩሩ አሠራር፣ የራስ ቁሩ ቀንድ ሳይቀር ልክ እንደ ታሪኩ መሆኑን ያስረዱ ጀመር። መጽሔት ላይ እንዳነበቡት ለትልቁ የፊልም ሽልማት የሚቀድመው የለም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሳቀና፣ ከተመልካቹ መሀል ወደተቀመጡት አስር አለቃ ቦሩ ዞሮ፣ "አስር አለቃ ይፍረዱልን እንጂ። ለመሆኑ አንቱ በጎራዴ ተዋግተው ያውቃሉ?" አለ።

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"ልብሱን መምህር ያውቃል። አሟሟቱ ግን ውሸት ነው" አሉ። "ሰው እንዲህ ዝም ብሎ አይወድቅም። ውሃ ይለምናል። የኛ ሰፈሩ ልጅ እናቱን ሲጠራ ነው የዋለው። ተኩሱ አላስጠጋንም።"

ከሰፈራችን ከሳቸው ጋር የዘመተው ታደሰ ብቻ ነው።

ዞር ሲሉ በሩ ላይ አዩኝ። ጄኔሬተሩ ተነስቶ ሁሉም ወደ ፊልሙ ሲመለስ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። አይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ትሪዬን እያየሁ፣ "ውሃ አገኘ?" አልኳቸው።

"ሲመሽ ደረስንበት። ያኔ ውሃ አያስፈልገውም ነበር።" ቀጥለውም፣ "እናትሽን ዋሽቻታለሁ፣ ልጄ። እውነቱን ትወቅ ካልሽ አብሬሽ መጥቼ እነግራታለሁ። አንቺ ወስኚ" አሉኝ።

ቤት ስደርስ ከሊበን የመጣች ዘመዳችን ተቀምጣለች። እማዬ ያችኑ ቃል እየነገረቻት ነበር። ቀና ብላ፣ "አይደለም እንዴ?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ። አንድ ጥይት ናት" አልኩ።

አስር አለቃ ቦሩ ካረፉ ቆይተዋል። እማዬ አርጅታለች፤ ስለ ታደሰ ስታወራ አሁንም ሳይሰማው ማለፉን ተመስገን ትላለች። እንቅልፍ የምታገኘው በዚያ ውሸት ስለሆነ ዛሬም ብትጠይቀኝ ያንኑ እላታለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ የተጠራችው እሷ ናት። ልጇ እንደጠራት ሳታውቅ ልትሞት ነው።