የኮርኒሱ ቀሚስ

ሰልሚያ ለቅሶ ቤት ገብታ ኮርኒስ የምታይ ሴት ናት። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ የቡታጅራ ደጋግ እናቶች ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር ነበር የሚመስላቸው። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ እሷ ዐይኗን ሽቅብ ሰቅላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆያለች። «ማሻአላህ! የዚች ልጅ ኢማን!» ይባባላሉ። ዱዓ ላይ አልነበረችም፤ የጂብሰሙን አበባ እየቆጠረች ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና የወጣላትን የአማኝነት ስም የሰማችው ዘግይታ ነው። ስትሰማም አላስተባበለችም።

ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ድሮ የሚመጣላት ሥራ ዚፕ መቀየርና የተማሪ ሱሪ ማሳጠር ብቻ ነበር። ቀሚስ የፈለገች ሁሉ ከስልኳ ፎቶ መርጣ ከአዲስ አበባ ታስመጣለች። ሰልሚያም ከስልክ ላይ ለመኮረጅ ሞክራ ነበር፤ ሰፍታ ሳትጨርስ ያው ቀሚስ በየሱቁ ተሰቅሎ ታገኘዋለች። የስፌት መኪናዋን ሸጣ ሌላ ሥራ ልትፈልግ በምታስብበት ሰሞን ነው፣ አንድ ለቅሶ ቤት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ቀና ያለችው።

በዚያ ጊዜ ከተማው በጂብሰም ኮርኒስ አብዷል። ቤት የሠራ ሰው አልጋ ሳይገዛ ኮርኒስ ያሠራል። ማዕበሉ፣ ቀለበቱ፣ ሐረጉ ሁሉ እላይ ተንጠልጥሎ የሚያየው የለም። ሰልሚያ ግን አየችው፤ አይታም ደረትና እጅጌ ላይ ጠለፈችው። ሴቶቹ ተሻሙባት። «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ሲሏት «ከላይ ነው የሚሰጠኝ» ትላለች። ይህ እንኳ ውሸት አይደለም። ደግሞስ የባለጠጋ ሳሎን ልብስ ሰፊን በምን ያስገባታል? ለቅሶ ሲሆን ብቻ ነው በሩ ለሁሉም የሚከፈተው።

ኋላ የበርበሬ ነጋዴው ጋሽ ኡበይድ በድንገት ሞቱ። ሰልሚያ አዲሱ ቤታቸው ገብታ ቀና ስትል የመጣችበትን ረሳችው። ከመሃል የእንሰት ቅጠል የሚመስል ነገር ወደ ማዕዘኖቹ ይዘረጋል፤ ሦስቱ ማዕዘን ላይ ትልልቅ አበባ ፈክቷል። አራተኛው ባዶ ነው። ነጭ በነጭ። «ዘመናዊነት ማለት ይሄ ነው!» አለች በልቧ፤ «ሌላው ቢሆን አራቱንም ይሞላው ነበር።»

እሷም አልሞላችውም። ቀኝ ትከሻ ላይ አበባ፣ ከታች ግራና ቀኝ አበባ፣ ግራ ትከሻ ባዶ። መጀመሪያ የለበሰችው ባለ ኮስሞቲክስ ሱቋ ነዒማ ናት። ለአረፋ የከተማው ሴት ግማሽ ግራ ትከሻዋን ባዶ አድርጋ ወጣች። ለበዓል ከአዲስ አበባ የገቡት ልጆች እንኳ «ፋሽኑ እዚህ ነው እንዴ ያለው?» ብለው አሰፉ።

በዓሉ ባለፈ ማግስት ጂብሰም ሠሪው ተረፈ የተቀደደ ሱሪውን ሊያሰፋ መጣ። የተሰቀለውን ቀሚስ ዐይቶ ክው አለ።

«ይሄ የኔ ኮርኒስ ነው! የጋሽ ኡበይድ ቤት! አንዱን አበባ ምነው ተውሽው?»

«አንተ አይደለህ የተውከው?»

«የት ተውኩት? ሳልጨርሰው ሞቱብኝ እንጂ!»

ሰልሚያ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። የሰው ሞት ጠልፋ ነው ለካ ስትሸጥ የከረመችው! ባለቤታቸው እትዬ ሃሊማ ይህን ቢሰሙ ከዚያ በኋላ ማን ቤቱ ያስገባታል? ማንስ ልብስ ያሰፋታል? ሱቋ ተዘጋ ማለት ነው።

የፈሩት ይደርሳል። እትዬ ሃሊማ የሐዘን ጊዜያቸውን፣ ዒዳቸውን ጨርሰው ከቤት የወጡ ቀን ቀጥታ እሷ ሱቅ መጡ።

«ይሄን ቀሚስ አውቀዋለሁ» አሉ።

«እትዬ ሃሊማ፣ ለአላህ ብለው አውፍ ይበሉኝ፤ እኔ...»

«ዝም በይ! ያን ሁሉ ጊዜ ቤት ተቀምጬ ምን ሳይ የከረምኩ ይመስልሻል? ኮርኒስ ነው። በአረፋ ልትጠይቀኝ የመጣችው ሁሉ ኮርኒሴን ለብሳ ገባች። እሱ ከላይ፣ እነሱ ከታች! አንቺንም የለቅሶው ቀን አይቼሻለሁ። እናቶች ‹ዱዓ ላይ ናት› ሲሉ ሳቄን በሂጃቤ ነው ያፈንኩት። ባሌን በቀበርኩ ማግስት!»

ሰልሚያ የምትገባበት ጠፋት። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኡበይድ ለዚያ ኮርኒስ ያልሆነው የለም። መሰላል ላይ ወጥቶ ከተረፈ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። ‹አሁን ማን ቀና ብሎ ሊያየው ነው?› እያልኩ አበሽቀው ነበር። ሲሞት ያ ሁሉ ሰው መጣ፤ ሁሉም ያየው እኔን ነው፣ አለቀሰች አላለቀሰች እያለ። የሱን ያየሽለት አንቺ ብቻ ነሽ።»

በዚያ ሁሉ ለቅሶ ቤት አንድ ጠብታ ያላነባችው ሰልሚያ፣ ገዛ ሱቋ ውስጥ በዚፕና በክር መሃል ቆማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«በይ በቃ፣ ለኪኝ» አሉ እትዬ ሃሊማ። «ባዶውን እንዳትሞዪው፤ እንዳለ እፈልገዋለሁ። ከእንግዲህ ደግሞ ለቅሶ ቤት ስትገቢ እንደ ሰው አንገትሽን ድፊ። ሌላዋ እንደኔ ስቃ አታልፍሽም።»

ሰልሚያ ወላሂ አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። በቀጣዩ ለቅሶ አንገቷን ደፍታ ገባች፣ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፣ አንዴም ቀና አላለችም። ወለሉ አዲስ ሴራሚክ ነበር፤ ሰማያዊ ሐረግ ዙሪያውን ይሄድበታል።