ኩሽኔታው ከተገኘ በኋላ

ቦንጋ ከተማ፣ ጋራዥ በረዳትነት የገባሁ ቀን ዋና መካኒኩ ጋሽ ወልዴ፣ «እኔ መኪና ገና ከበር ሲገባ ብልሽቱን በጆሮዬ እለየዋለሁ» አሉኝ። እሺ አልኩ እንጂ አላመንኳቸውም። ተፈጥሮዬ ነው፤ ቶሎ የሚያውቅ ሰው ያስፈራኛል።

የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ልክ ነበሩ። ፍሪሲዮን ካሉ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ ካሉ ቺንጋ ነው። የበለጠ ያስጠረጠረኝም እሱው ነው። ልክ በሆኑ ቁጥር የሚፈቱት ብሎን እያነሰ ሄደ።

እኔም ከረዳትነት ወጥቼ መካኒክ ከተባልኩ በኋላ ነው፣ ኃይሉ የሚባል የዋጫ መስመር ሚኒባስ ሾፌር አንድ ቀን እየተጣደፈ መጣ። ከሆስፒታል የወጡትን እናቱን ጋቢና አስቀምጧል። የኋላው ግራ ጎማ ይጮኻል።

«ኩሽኔታ ነው ጋሽ ወልዴ፤ ዋጫም እንደዚያው ብለውኛል። ቶሎ በሉልኝ፣ እናቴ ደክማለች።»

«ሰምቼዋለሁ፤ ኩሽኔታ ነው። በዚህ ሳምንት ስንቱን ቀየርን!» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ጎማው ወለቀ። እውነትም ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቷል። ተቀየረ፣ ታሰረ፣ ሁሉም ደስ አለው። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ኃይሉ ሲገባ በሩ ላይ ፍሬኑን የረገጠው ሁለቴ ነው።

«ለምን ሁለቴ ትረግጣለህ?»

«እኔ? ሁለቴ?» ብሎ ሳቀ። «እንጃ፣ ልማድ ይሆናል።»

«እንግዲያው ፍሬኑ አንድ ነገር አለው፤ የቀኙም ጎማ ይውለቅ።»

ጋሽ ወልዴ ተቆጡ። «የእኔን ሥራ ነው የምትጠራጠረው?»

«የእርስዎንም የራሴንም። ዋጫ ድረስ ስንት ቁልቁለት አለ፣ ጋሽ።»

«ኧረ ይሄ ሰው ጥላውንም አያምንም!»

ክሪኩን ራሴ አስገባሁ። ጎማው ሲወልቅ የፍሬኑ ሸራ በዘይት ርሷል፤ የፍሬን ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ተቀዶ ያንጠባጥባል። ፍሬኑ ቀስ በቀስ ስለላላ የኃይሉ እግር ለምዶት ኖሯል፤ እሱ ራሱ አላወቀም። 

እናቱ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «ውይ ልጄን! ሁለቴ ሲረግጥ አይቻለሁ እኮ፤ የሾፌር ደንብ መስሎኝ!» አሉ።

ጋሽ ወልዴ ዘይቱን በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ጣታቸውን እየጠረጉ፣ «ኩሽኔታውም እኮ ተበልቶ ነበር» አሉ።

«አዎ፣ ልክ ነበሩ» አልኳቸው፣ ከልቤ። ኩሽኔታው ደህና ሆኖ ቢገኝ ሌላ ቦታ መፈለጋችን አይቀርም ነበር። ፍሬኑን የጋረደብን ልክ መሆናቸው ነው።

ለአሁኖቹ የጋራዥ ልጆች የምለው ይህን ብቻ ነው፤ አንድ ብልሽት ስላገኛችሁ መፈለጋችሁን አታቁሙ።